የስልከኛው ዓሣ

አባቴ ውሸታም አልነበረም። ይህን መጀመሪያ ተናግሬ ልገላገል። አባቴ ያየውን ነገር ትንሽ ሳብ አድርጎ የሚያወራ ሰው ነበር። ወደራ ከተማ አጠገብ መንገድ ላይ ተጋድሞ ያየው እባብ በመጀመሪያው ሳምንት ከእሱ ቁመት ጥቂት ይረዝም ነበር፤ ወር ቆይቶ የጭነት መኪና አስቆመ፤ ዓመት ሲሞላው መኪናውን ወደ መጣበት መለሰው። ነገሌ ውስጥ አንድ ሰው ትልቅ ወሬ ይዞ ሲመጣ፣ «ይሄ ደግሞ የስልከኛው እባብ እንዳይሆን» ይባል ነበር። ስልከኛው አባቴ ነው፤ የከተማው ስልክ ቤት ሠራተኛ ነበር።

እኔ በስልኩ አመካኛለሁ። በዚያ በጃንሆይ ዘመን ከነገሌ እስከ ወደራ በስልክ ለመነጋገር ጉሮሮን መቅደድ ያስፈልግ ነበር። ሰው ዕድሜውን ሙሉ «ሃሎ! ሃሎ! ይሰማል?» እያለ ሲጮህ ኖሮ በልክ መናገር ከየት ይመጣለታል? እናቴ ግን በዚህ አትስማማም። «ስልክ ሳይይዝም እንዲሁ ነበር። ሲያጨኝ የአባቱ በሬዎች ተቆጥረው አያልቁም ብሎኝ፣ ብሄድ አንድ በሬና አንዲት አህያ አገኘሁ» ትላለች።

ነገሩ ለከተማው ሳቅ ነበር፤ ለእሱ ግን አልነበረም። ሰዎች ሲጣሉ ሽማግሌዎች በሐጂው ሻይ ቤት፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያስታርቁ ነበር። አባቴ ጸጉሩ ሸብቷል፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ያቀላጥፋል፤ ደግ ሰው ነው። ሆኖም አንድም ቀን ለሽምግልና ተጠርቶ አያውቅም። ሻዩን ይዞ ከአግዳሚው ፊት ለፊት ይቀመጥና ጠጋ ይሉለት እንደሆነ ይጠብቃል። አይሉለትም። እኔ ያን ጊዜ እዚያው ከተማ አስተማሪ ሆኜ ከወላጆቼ ጋር ነበር የምኖረው፤ ከዚያ ሲመለስ ፊቱን ማየት ይከብደኝ ነበር።

ዓሣዋ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። የውሃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር የቆየ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ለአባቴ ትልቅ የመስታወት ሣጥን ትቶለት ሄደ። ውስጡ አሸዋ፣ ድንጋይና ከገናሌ ወንዝ የተያዙ ከጣት የማይበልጡ ቆሮሶ የሚባሉ ዓሦች ነበሩበት። እናቴ «በአህያ ተጭኖ የሚመጣ ውሃ ለዓሣ አላጠጣም» ብላ እንቢ ስላለች ሣጥኑ ሐጂው ሻይ ቤት ገባ። ሐጂው ደንበኛ ይስብልኛል ብለው በደስታ ተቀበሉት። እውነትም ሰው ጎረፈ። ቦረናዎቹ ዓሣ አይበሉም፤ የእባብ ዘመድ አድርገው ነው የሚቆጥሩት። መጀመሪያ በሩ ላይ ቆመው ከሩቅ ይመለከቱ ነበር፤ እየቆየ ግን ከብስኩታቸው እየቆረሱ መጣል ጀመሩ። ቆሮሶዎቹም ሆዳሞች ነበሩና ቀኑን ሙሉ እየዘለሉ ይታዩላቸው ነበር።

ለአባቴ ይህ አልበቃውም። ወደ ገናሌ በሚወርድ መኪና ሄዶ የአምባዛ ዘመድ የምትሆን አንዲት ዓሣ በጣሳ ይዞ መጣና ማንም ሳያይ ሣጥኑ ውስጥ ጨመራት። እዚያ ውስጥ ለጌጥ የተቀመጠ የተሰበረ የእንስራ አንገት ነበር። ዓሣዋ እሱ ውስጥ ገባች፤ በቃ፣ ገባች ቀረች። ለካስ ብርሃን የምትፈራ፣ ሲጨልም ብቻ የምትወጣ ዓይናፋር ኖራለች።

አባቴ ሻይ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ እየሄደ ያያታል፤ በማግሥቱ ለሻይ ጠጪው ያወራል። «ጺም አላት። በጀርባዋ ተገልብጣ ትዋኛለች። ስትነካት ደግሞ ትጮሃለች!»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የዱብሉቅን መንገድ የሚመላለስ አንድ አፉ የማይታረም ሾፌር ነበር፤ ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀና፣ «ጺሟን ያሳደገችው ልትመነኩስ ነው?» አለ።

«ዱጋ!» አለ አባቴ። እውነት ነው ማለቱ ነው፤ በአማርኛ የሚያምነው ሲያጣ ወደ ኦሮምኛ ይሻገር ነበር።

እኔም አላመንኩትም ነበር። አንድ ዓርብ ሐጂው ለስግደት ሲሄዱ ሻይ ቤቱ ተዘግቶ ውሃውን ልንለውጥ ከአባቴ ጋር ገባን። እየቀዳን ስናጎድለው የእንስራው አንገት ብቅ አለ፤ አባቴ ጣቱን አስገብቶ ነካ ቢያደርጋት ከውስጡ ዘይት ያልነካው የበር ማጠፊያ የመሰለ ድምፅ ወጣ። ጎንበስ ብዬ ባይ ጺም! ጣሳውን ከእጄ ለቀቅኩት። ዓሣ መጮኋ ሳይሆን፣ የአባቴ ወሬ አንዲት ስንዝር እንኳ ሳይጨመርባት እውነት መሆኗ ነበር ያስደነገጠኝ። በማግሥቱ ለሻይ ጠጪዎቹ ብመሰክር፣ «ለአባት ምስክሩ ልጁ!» ብለው ሳቁብኝ። ሾፌሩማ «በዘር ነው» አለ።

«ታዲያ ለምን አውጥተህ አታሳያቸውም?» አልኩት አባቴን።

ዓሣዋ ስትፈራ እሾኋን ዘርግታ እንስራው ውስጥ ራሷን ትቆልፋለች አለኝ። ጎትቶ ማውጣት ቢሞከር እሾኋ ይሰበራል። እንስራውን ቢሰብሩት ደግሞ ስባሪው ይወጋታል።

«የእሷ እሾህ ከሚሰበር የእኔ ስም ይሰበር» አለ። ስምህማ ድሮ ተሰባብሯል ልለው ነበር፤ ፊቱን አይቼ ዋጥኩት።

ሐጂው የልብ ወዳጁ ነበሩና ሊያጽናኑት፣ «አይዞህ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉት።

«የእኔ እውነት ሲነጋ ነው የምትደበቀው» አላቸው ምርር ብሎ።

ማታ ኑና እዩ ቢላቸው ለስልከኛው ወሬ ብሎ እንቅልፉን የሚያጣ አልተገኘም፤ ስለዚህ ቀኑን ለማጨለም ያልተደረገ ጥረት የለም። አንድ ቀን አባቴ ጋቢውን ሣጥኑ ላይ ጣለና ከጥቂት ሻይ ጠጪዎች ጋር ሥሩ ገባ። ከውጭ ለሚያይ የተኛ ግመል ይመስሉ ነበር። ከውስጥ «እግርህን አንሣ!»፣ «ማነው ሽንኩርት የበላው?» ሲባል ይሰማል። ትንፋሻቸው መስታወቱን ጭጋግ አለበሰው። አንዱ ሲያነጥስ የሌላው ቆብ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ቆሮሶዎቹ ምግብ መስሏቸው ቆቡን ወረሩት። ውሃ በአህያ የምትሸጥ ሴት በር ላይ ቆማ አየቻቸውና፣ «እኛ ውሃ አጥተን፣ እነሱ ከውሃ ጋር ድብብቆሽ ይጫወታሉ!» ብላ አህያዋን ነድታ ሄደች። ዓሣዋ ንቅንቅ አላለችም።

ከዚያ ሁለት ነጋዴዎች በአጥር ወሰን ተጣሉና ሽማግሌ መሰየም ግድ ሆነ። ከሊበን አንድ የቦረና ሽማግሌ ተጠርተው መጡ፤ ቃላቸው የሚከበር ትልቅ ሰው ናቸው። «አካም? ናጋ?» ተባብለን፣ ስለ ከብቱም ስለ ዝናቡም ተጠያይቀን ስናበቃ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለዚህ ዕርቅ እኔም ልቀመጥ» አለ።

ሾፌሩ ቀድሞ፣ «መጀመሪያ ዓሣዋ ትውጣ!» አለና ሁሉም ሳቀ። የሊበኑ ሽማግሌ ግን አልሳቁም። በቦረና ግጦሽና ውሃ አይቶ እንዲመጣ የተላከ ሰው የሚናገረው በዓይኑ ያየውን ብቻ ነው፤ በእሱ ቃል መንጋ ይነሣል፤ ቢዋሽ ከብት ያልቃል። ስለዚህ አለ የተባለ ነገር መኖር አለመኖሩ ለእሳቸው ቀልድ አልነበረም። ነገሩን ከሥሩ ጠይቀው ተረዱ።

«እናያለን» አሉ። «ቁርጡሚዋ ካለች ከእኛ ጋር ይቀመጣል። ከሌለች ሁለተኛ አይጠይቅም።» ቁርጡሚ የሚሉት ዓሣዋን ነው።

ሾፌሩ የመኪናውን ሸራ አምጥቶ ሣጥኑ ላይ ዘረጋ። ሽማግሌው፣ ሐጂውና ሾፌሩ ሥሩ ገቡ። አባቴ ሊከተል ሲል ሾፌሩ፣ «አንተ ውጭ ቆይ፤ አጠገባችን ካለህ በአፍህ ታሳየናለህ» አለው። አባቴ ወጥቶ ደጃፉ ላይ ከእኔ ጋር ተቀመጠ። የኮቱን አዝራር ሲያሽከረክር ተበጥሶ እጁ ላይ ቀረ።

ብዙ ቆዩ። መጀመሪያ ሐጂው በላብ ተጠምቀው ወጡ። አባቴን አዩት፤ አዝራሩንም አዩት።

«አየናት!» አሉ። «ማሻአላህ! ክንድ ታህላለች!»

ሾፌሩ ተከትሎ ወጣ። ሐጂውን አየ፤ ከዚያ አባቴን ትክ ብሎ አየ። ያን ክፉ አፍ ምን እንደነካው እስከ ዛሬ አላውቅም። «ክንድ ብቻ?» አለ። «ጺሟ እስከ ሆዷ ይወርዳል! ቀንድም አላት! ጩኸቷ ጆሮዬን አደነቆረኝ!»

ደጅ የተሰበሰበው ሰው አጨበጨበ። አባቴ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ፊቱ በራ። ከዚያ ቀስ በቀስ ፈገግታው ጠፋ። ዝም ቢል አግዳሚው የእሱ ነበር። ዝም በል አባባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ዝም በል፣ እያልኩ በልቤ እለምን ነበር።

«አይደለም» አለ። አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ዘርግቶ አሳየ፤ ከዚያ ትንሽ ሰበሰባቸው፤ አሰበና እንደገና ትንሽ ሰበሰባቸው። «ይህን ታህላለች። ቀንድ የላትም። ካልነኳት ደግሞ አትጮህም። አላያችኋትም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ለአንተው ብለን እኮ ነው!» አለ ሾፌሩ።

«አውቃለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን አላያችኋትም።»

ማንም አልሳቀም። አባቴ ወሬ ሲያሳንስ ማየቴ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። እንባዬ መጣ። እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም።

የሊበኑ ሽማግሌ ሸራውን ገልጠው በመጨረሻ ወጡ፤ ሁሉንም ከውስጥ ሆነው ሰምተዋል። «እኔ አላየሁም» አሉ። «ያየሁት ጨለማና የዚህን ሾፌር ክርን ነው።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። «አንተ ግን ያየኸውን ትናገራለህ። ነገ ከእኛ ጋር ትቀመጣለህ።»

በማግሥቱ አመሻሽ ላይ ከዕርቁ ሲመለስ እናቴ ሥራዋን ሁሉ ቀድማ ጨርሳ ነበር፤ ወሬው እስከ እኩለ ሌሊት እንደሚዘልቅ ታውቃለችና። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እኔም የተማሪዎቼን ደብተር ዘጋሁ።

«እሺ፣ ንገረና» አለችው።

አባቴ ኮቱን አውልቆ ሰቀለ፤ ተቀመጠም። «ሁለት ሰዎች ተጣልተው ነበር። ታረቁ» አለ።

ጠበቅን። የጨመረው ነገር የለም። እናቴ ከወንበሯ ተነሥታ፣ አሞት እንደሆነ ብላ ግንባሩን ዳሰሰችው።