ዐሥር ከዐሥር

ሊጠፉ የተቃረቡ የበግ ዝርያዎችን የጠቦት ሥጋ እንድንቀምስ ከተጠራነው መካከል ሠርግ የመጡ የሚመስሉት ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ብቻ ናቸው። የሥጋው መልክ እንዳያታልለን ቀይ አምፖል ስለበራብን ሁላችንም ቲማቲም መስለናል። የሽማግሌው ኮት እጃቸውን ውጦታል፤ ጫማቸውን ግን ስለጠበባቸው ተረከዙን ረግጠውታል። ሳያቸው ጊዜ ሳቁ።

“ኮቱ የታላቄ ነው፣ ጫማው የታናሼ። ሁሉም ለእኔ ቀረ።”

ነጥብ ያነሰው ዝርያ ከእርባታው ይወጣል ተብለናል። እሳቸው ቁራጯ በቀረበች ቁጥር ዐይናቸውን ጨፍነው ያላምጣሉ፤ ትከሻቸው ይወዛወዛል። ልስላሴው ስንት ነው ሲባሉ “ዐሥር ከዐሥር” ይላሉ። አራተኛው ሥጋ የለየለት የጫማ ሶል ነበር። ለእሱም ዐሥር ሰጡት።

“አባባ፣ ሁሉም እኩል አይለሰልስም እኮ” አለቻቸው አቅራቢዋ ሳቋን እየዋጠች።

“የኔ ልጅ፣ ዘራቸው ሊያልቅ ነው ብለሽኝ፣ ለጥርሴ ብዬ ልፍረድባቸው?”

ሁላችንም ፍርስ ብለን ሳቅን። ተራዬ ሲደርስ ያ ሶል ገና አፌ ውስጥ ነበር። እንደምንም ወደ ጉንጬ ገፋሁትና “ዐሥር” አልኩ።