ሽማግሌ የላከ ስልክ

እኔ የምኖርባት ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል ያለችው፣ ምግብ ቤቴ በር ላይ ቆሜ ካስነጠስኩ ኢትዮጵያ ውስጥ «ይማርህ» የሚለኝ የማይጠፋባት ከተማ ናት። ስልክም እንደዚያው ነው፤ ምድጃው ጋ የኬንያን ታወር ይይዛል፣ በሩ ጋ የኢትዮጵያን። ሳይታወቅ የተሻገረ ስልክ ደግሞ ካርድ ይበላል። ስለዚህ የኛ ሰው ስልክ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር መቆለፍ ነው፤ የኢትዮጵያው ሲም ከኢትዮጵያ ታወር ሌላ እንዳያይ፣ የኬንያውም እንደዚያው። ከዚያ ለመደወል ወደ ሲሙ አገር ዞሮ ይቆማል። እንግዳ ሰው ቢያየን ከተማው በሙሉ ጸሎት ላይ ያለ ይመስለዋል።

ጓደኛዬ የጉድጓድ ውሃ ሞተር ጠጋኝ ነው። ሃምሳን አልፎ ሳያገባ የቀረው፣ ሞተር እየተበላሸ ጊዜ ስላሳጣው እንደሆነ ይናገራል፤ እኔ ግን ሴት ፊት ምላሱ ስለሚተሳሰር ነው እላለሁ። እንደምንም በወዲያኛው ሞያሌ ልብስ የምትሰፋ ሴት ወደደና እኔን ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ላከን። እንደ ደንቡ መረመሩን። የማን ልጅ ነው? ወገኑ የት ነው? ማን ያውቀዋል? እኔ ስመሰክርለት አንበሳ ገድሏል ልል ትንሽ ነበር የቀረኝ። ሻዩንማ አንድ በርሜል ሳልጠጣ አልቀረሁም። ስንመላለስ ከርመን ነገሩ ሐዋሳ ለሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ተላለፈ።

ወንድምየው መልስ ላከ፦ «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ራሴ እደውልለታለሁ። ድምፁን ልስማ። ካላነሳ ልቡ እዚህ የለም ማለት ነው፤ ዳግመኛ እንዳትመጡ።»

ወንድምየው የያዘው የጓደኛዬን የኢትዮጵያ ቁጥር ነው። የውጭ አገር ቁጥር ሁሉ የአጭበርባሪ ስለሚመስለው አይደውልም፣ ቢደወልለትም አያነሳም።

እሁድ ጠዋት፣ በኬንያ በኩል ዳበል በምትባል መንደር ያለው የጉድጓድ ሞተር ቆመ።

«አልሄድም!» አለ ጓደኛዬ።

«ግመሎቹስ?»

«ግመል ይችላል።»

«ፍየሎቹስ? ጥጆቹስ?»

የመፍቻ ሳጥኑን አነሳ። በአካባቢው ሌላ ጠጋኝ አልነበረም። ዳበል ደግሞ የኢትዮጵያ ታወር አይደርስም።

የእህቴ ልጅ ለዕረፍት እኔ ቤት ነበረች። ናይሮቢ አንድ የሞባይል ኩባንያ ውስጥ ትሠራለች፤ ሥራዋ ከአገራቸው የወጡ ስልኮችን መልእክት ከአንዱ አገር ኔትወርክ ወደ ሌላው ማሳለፍ ነው። «ፖስተኛ ነሽ በይኛ» ብያት አኩርፋኝ ከርማለች። የጓደኛዬን ስልክ ተቀብላ ቆልፎ ያኖረውን ከፈተችና ሮሚንጉን አበራችው።

«አሁን ያገኘው ታወር ላይ ይገባል» አለች።

«ዳበል ላይ ማን ያውቀኛል ብለሽ ነው?» አለ ጓደኛዬ።

«ስልክዎ ሽማግሌ ይልካላ፣ ጋሼ!»

እኔ ፒካፕዋን ወደ ዳበል ስነዳ እሷ አብራራችልን። ስልኩ ለኬንያ ታወር «አስገቡኝ» ይላል። ኬንያ አታውቀውም፤ ኢትዮጵያ ወዳለው ቤቱ፣ ወደ ሲሙ ኩባንያ፣ መልእክት ትልካለች፦ ይሄ ልጅ የእናንተ ነው? ቤቱ ያጣራና «የኛ ነው፣ ተቀበሉት» ይላል። ልጁ አሁን የት እንዳለም ያውቃል። ሰው ሲደውልለት ቤቱ ኬንያን ይጠይቃል፤ ኬንያም ለዚያች ጥሪ ብቻ አንድ ቁጥር ታውሳለች፤ ጥሪው በሷ ይመጣል።

«መንገዱስ በየት ነው?» አልኳት።

«ሁለቱ ኩባንያዎች በቀጥታ ካልተገናኙ መሀል ላይ አስተላላፊ አለ። መልእክቱ በባሕር ሥር አውሮፓ ደርሶ ሊመለስ ይችላል።»

«ስንት ቀን ይፈጅበታል?»

«አጎቴ! ዓይንህን ጨፍነህ እስክትገልጥ!»

እኛ ስንመላለስ የከረምንበትን ጉዳይ፣ ይህ የተሰነጠቀ ስልክ ባንዴ ይጨርሰዋል፤ አቧራ ሳይነካው ባሕር አቋርጦ፣ ተመስክሮለት ይመለሳል። ኮረብታው ላይ ስንወጣ የኬንያው ኔትወርክ ስም የስልኩ መስታወት ላይ ብቅ አለ። ፒካፕዋን አቆምኩ። ዙሪያውን እሾህና ቀይ አፈር ነው፤ ሰው የለም፣ ቤት የለም። ግን አንድ ሩቅ ቦታ ላይ አሁኑኑ «ልጃችን እዚያ ነው» ተብሏል። ፀጉሬ ቆመ፤ ያለችኝ ጥቂት ፀጉር።

ጉድጓዱ ጋ ስንደርስ ከብቱ የሰው ዘር ሁሉ ያረባው ይመስላል። ጓደኛዬ ሞተሩ ሥር ገባ፤ ስልኩን እኔ ያዝኩ። የቅዳሴው መውጫ ሲደርስ እንደ ሞያሌ ሰው ወደ ኢትዮጵያ ዞሬ እጄን ዘረጋሁ። ኔትወርኩ ደከመ! ከብረት ታንከሩ ጎን ሆኜ ወደ ሰሜን ተንጠራራሁ፤ ጭራሽ ጠፋ። ጓደኛዬም ሞተሩን ጠግኖ አስነስቶ፣ በግራሶ እጁ መጥቶ አጠገቤ ተንጠራራ።

የእህቴ ልጅ ከሩቅ ጮኸች፦ «ታወሩ ከኋላችሁ ነው! ታንከሩ ጋርዷችኋል! ጥሪው አሁን የሚመጣው ከኬንያ ነው፣ ዙሩ!»

«ከሐዋሳ ለሚመጣ ጥሪ ጀርባዬን ለኢትዮጵያ ልስጥ?» አለ ጓደኛዬ፤ የምሩን ነው።

ጎትቼ ከታንከሩ አወጣሁትና አዞርኩት። ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

አሁን ደግሞ የተጠገነው ሞተር እያጓራ ነው፤ ምንም አይሰማም። ጓደኛዬ ሮጦ አጠፋው። ውሃው ቆመ፣ እረኞቹ ተነሱብን፣ የጉድጓዱ ኃላፊ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው መጡ። በተሰባበረ ቦረንኛዬ «የሚስት መልስ ነው፣ አባ!» አልኳቸው። ዱላው ከፍ አለ፤ ግን ወደ እረኞቹ ዞሮ። ሁሉም ዝም አለ።

ጓደኛዬ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ አነሳ፦ «አቤት... እኔ ነኝ... ዳበል... የውሃ ሞተር... አዎ፣ እሁድም...» ከዚያ ጓደኛዬ ብዙ ሰማ። ፊቱ ምንም አይናገርም። እኔ በሱ ፋንታ ላብ በላብ ሆንኩ።

ስልኩን ዘጋው።

«ተናገር እንጂ፣ አንተ!»

«‹ጥሪዬን እየጠበቅክ ለምን ሥራ ሄድክ?› አለኝ። ‹ከብት ተጠምቶ ነው› አልኩት።»

«እሺ፣ እሱስ?»

«‹እንግዲያው እህቴንም አታስጠማትም፤ ከፋሲካ በኋላ ኑ› አለኝ።»

ሽማግሌው ምን እንደተባለ ጠየቁኝ። ሰጡት አልኳቸው። ጓደኛዬን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና፣ «ደግ አደረጉ። አሁን ውሃውን ልቀቅ» አሉት።

እሱ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ አሁንም ወደ ታወሩ ዞሮ ስለቆመ፣ ሞተሩን ያስነሳሁት እኔ ነኝ።