ሦስት ጣት ትርፍ

ሰውየው ልብስ ሰፊ ነው። ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ ስለማያውቅ ሰፈሩ «ሜትር» ብሎ ሰይሞት ቀርቷል፤ አባቱ ያወጣለትን ስም እሱም ራሱ የሚያስታውሰው ስልክ ሲደወልለት ብቻ ነው። ገላውን ሲታጠብ እንኳ ሜትሩን አያወልቅም የሚሉ አሉ። ውሸት ነው፤ ያወልቃል። ሚስማር ላይ ይሰቅለውና ሲጨርስ ከፎጣው በፊት እሱን ያነሳል።

ሚስቱ ስትሞት ሜትር አላለቀሰም። ቀብሯ ላይ ሰው ሁሉ ሲንሰቀሰቅ እሱ ከፊቱ የቆመውን ሰው ኮት ነበር የሚያየው። የግራ እጅጌው ከትከሻው ጋር ሲገጠም ትንሽ ዞሯል። «ይሄን ማን ይሆን የሰፋው?» እያለ ሲያስብ አፈሩ ተመለሰ፣ ሰው ተበተነ፣ አለቀ። «ጠንካራ ሰው ነው» ተባለለት። ጠንካራስ ድንጋይም ጠንካራ ነው።

ሱቁ ውስጥ ሁለት የስፌት ማሽን ነበር፣ የሱና የሷ። የቁልፍ ቀዳዳና ቅምቅማት የሷ ሥራ ነበር። የሷ ማሽን ደግሞ አመል ነበረው፤ ሲሠራ ሲሠራ ይቆይና ድንገት እንደ ሰው ትን ብሎት ቀጥ ይላል። እሷ ታዲያ ክሩን አትነካ፣ ዘይት አትጨምር፤ በመዳፏ ጧ! ታደርገዋለች። ይቀጥላል። ሜትር ከጎኗ ስንት ዘመን ሲሰፋ ጧ ባለ ቁጥር ቀና ብሎ አያውቅም። አሁን ማሽኑ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ተቀምጧል፣ ጧ የሚል ነገር የለም፣ ሜትር ደግሞ በየደቂቃው ቀና ይላል።

አንድ ቀን መርፌ ወጋው። ወጋው ስላችሁ ጫር አደረገው ማለቴ አይደለም፤ በጥፍሩ ገብቶ በሥጋው ወጣ። ሜትር ጣቱን የደንበኛ ጣት ይመስል አየው። ከዚያ ነጩ ሸሚዝ እንዳይበላሽ እጁን ወደ ጎን አድርጎ መርፌውን ነቀለና ስፌቱን ቀጠለ። እህቱ ምሳ ይዛ በር ላይ ቆማ ሁሉንም አይታለች።

«አንተ፣ አላመመህም?»

«ምኑ?»

«ጣትህ ነዋ!»

ጣቱን እንደገና አየው። «ማመም አለበት» አለ።

እህቱ ታላቁ ናት። በልጅነቱ አዝላዋለች፤ እሱን አውርዳ ውለታውን ግን እስከ ዛሬ እንዳዘለችው ነው።

«ከዚህ ሱቅ ውጣ!» አለችው። «ንፋስ ይንካህ! እንደ ተሰቀለ ኮት አንድ ቦታ ተንጠልጥለህ ብል ሊበላህ ነው እኮ!»

«ወዴት ልውጣ?»

«እኔ ምን አውቄ! እግርህ ወደመራህ።»

«እግሬ ፔዳል መርገጥ ነው የሚያውቀው፣ እትዬ። ዕድሜዬን ሙሉ ረገጥኩ፤ ሱቁ ንቅንቅ አላለም።»

እሁድ ጠዋት በሱቁ በር የኮርስ ሳይክል ነጂዎች ያልፋሉ። ጎማው ቀጭን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዘ፣ ሰዎቹ ደግሞ አፍንጫቸው ጎማውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ሜትር በየሳምንቱ ሲያልፉ አይቷቸው አያውቅም። ያን እሁድ ግን አየና አንድ ነገር ገባው፤ አቀማመጣቸው የልብስ ሰፊ ነው። ይጎብጣሉ፣ ፔዳል ይረግጣሉ፣ ከፊታቸው ካለው በቀር ሌላ አያዩም። ልዩነቱ እነሱ ይሄዳሉ።

ደስ አለው ልላችሁ ነበር፤ አላለውም። ብቻ ክር ያለቀበት ሰው «ክር መግዛት አለብኝ» እንደሚለው፣ «ሳይክል መግዛት አለብኝ» አለ።

በምን ገንዘብ? ከሱቁ የሚገኘው ለኪራይና ለሆድ ነው። የሚሸጥ ነገር ቢፈለግ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጨርቅ ለብሶ ጥግ ተቀምጧል።

«የሷን ማሽን ሸጠህ ብረት ልትገዛ?» አለች እህቱ።

«ማሽኑም ብረት ነው፣ እትዬ።»

«አንተም ብረት ነህ!» ብላ ምሳውን አስቀምጣ ወጣች። በር ላይ ደርሳ ግን ተመለሰች። «ስማኝ። የሷን እቃ ሸጠህ የማይሆን ነገር ገዝተህ ብትጥለው፣ ሁለተኛ ቀበርካት ማለት ነው። ይሄን እወቅ።»

ሜትር ራሱን ነቀነቀ። አወቀ። ያወቀውን ከሌላው ካወቀው ነገር ጋር አስቀመጠው።

ማሽኑን የገዛችው ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ኩርባው ላይ ቤት የከፈተች ወጣት ልብስ ሰፊ ናት። በጋሪ ሲጭኑላት ሜትር አመሉን ሊነግራት አፉን ከፈተ። ከነገራት ግን «ማን ነበር የሚመታው?» ትለዋለች፤ እሱን ተከትሎ ስለ ሟች ማውራት ይመጣል። አፉን ዘጋ።

ያገለገለ ሳይክል የሚሸጠው ሰውዬ «ፍሬን የለሽ» ይባላል። ሳይክሎቹስ ፍሬን አላቸው፤ የሌለው አፉ ነው።

«ጋሼ ሜትር! እንኳን ደህና መጡ! ለማን ነው? ለእህት ልጅ? ለጎረቤት ልጅ? ምን ዓይነት ልጅ ነው፣ ቀልጣፋ ነው ወይስ—»

«ለኔ ነው።»

ፍሬን የለሽ ቀጥ አለ። ብዙ አልቆየም። «ለርስዎማ ከሆነ ሽማግሌ የሚያከብር አለኝ! ኮርቻው ሰፊ፣ ከፊቱ ቅርጫት፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ሰላምታ እየሰጡ የሚሄዱበት!»

«ቀጥ ብዬ መቀመጥ አልችልም። ጀርባዬ አንዴ ጎብጧል። የሚያጎብጠውን አሳየኝ።»

የሚያጎብጡት ሦስት ናቸው። አንዱ አዲስ ነው፣ ጣሪያ ላይ ተሰቅሏል፤ ዋጋውም እዚያው አካባቢ ነው። «እሱን ለማየት አላስከፍልም» አለ ፍሬን የለሽ። መሬት ላይ ካሉት አንዱ አረንጓዴ፣ ቀለሙ የተላላጠ፣ ማርሹ ሲቀየር እንደ አሮጌ በር የሚያቃስት ነው። ሌላው ቀይ ነው፤ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ በአንድ ጣት የሚነሳ። የማሽኑ ገንዘብ ከሁለቱ አንዱን ይገዛል።

ሜትር ሥራውን ጀመረ። ጎማውን አሽከርክሮ ቸርኬው ይወላገድ እንደሆነ በአንድ ዓይኑ አየ። ብረቱ ከብረት የተበየደበትን ቦታ እንደ ስፌት በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ ስንጥቅ የለም። ሰንሰለቱን ጎተተ፣ ፍሬኑን ጨበጠ። ፍሬን የለሽ እንኳ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። መጀመሪያ ራሱን ከብሽሽት እስከ ተረከዝ ለካ። ቀጥሎ የሳይክሎቹን የላይኛውን ብረት ከመሬት ለካ። አረንጓዴው ከሱ እግር ጋር ልክ ነው፣ ቅንጣት አያልፍ። ቀዩ ሦስት ጣት ይበልጣል።

«ይሄው!» አለ ፍሬን የለሽ። «አረንጓዴው ነው የርስዎ። ቀዩ ረጅም ነው፤ ሲቆሙ እግርዎ መሬት አይደርስም።»

ፍሬን የለሽ ንግድ ከጀመረ እውነት የተናገረው ያን ቀን ነው፤ ያን ቀንም የሚያምነው አጣ።

«ልክ ማለት ጠባብ ማለት ነው» አለ ሜትር። «ሰው ይወፍራል፣ ጨርቅ ይኮማተራል። ሦስት ጣት ትርፍ ሳልተው ቆርጬ አላውቅም።»

«ጋሼ፣ ብረት እኮ አይኮማተርም!»

«ሰው ግን ይወፍራል።»

«ወደ ጎን ነዋ! እግርዎ ይረዝማል እንዴ?»

ሜትር ቀዩን ገዛ።

መንዳቱስ ምንም አይል። በልጅነቱ በተውሶ ሳይክል ለምዷል፤ አንዴ ከሄደ ይሄዳል። ችግሩ መቆም ነው። ሊቆም ከኮርቻው ሲወርድ ያ የላይኛው ብረት ለሰው በማይነገር ቦታ ይቀበለዋል፤ እግሩ መሬት ሳይደርስ መሬቱ ራሱ እሱ ጋ ይደርሳል። በመጀመሪያው ቀን ከአንዲት ሴትዮ የሽንኩርት ክምር ላይ ወደቀ።

«አባቴ፣ ሲመጡ መንገር ነው እንጂ!» አለችው።

ጉልበቱ ደምቷል። አየው። «ሽንኩርቱ እንዴት ነው?» አለ። ሌላ የሚለው ስላልነበረው ገዝቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ አለመቆም ለመደ። ጠዋት ከሱቁ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ቆሞ ይወጣል፣ ቁልቁለቱን ይወርዳል፣ በኩርባው ያልፋል፣ ዞሮ ይመለስና የሱቁን በር መቃን እንደ ዘመድ አቅፎ ይቆማል። ኩርባው ላይ ማሽኑን የገዛችው ልጅ ቤት አለ። ሲያልፍ ማሽኑ ጠክ ጠክ ጠክ ሲል ይሰማል። አንዳንዴ ደግሞ ቀጥ ሲል። አንድ ቀን ልጅቷ እየሮጠች በር ላይ ወጣች።

«ጋሼ! የሸጡልኝ ማሽን እኮ ይቆማል!»

«እኔ ደግሞ አልቆምም!» አለ ሜትር፣ አልፏት እየሄደ።

እሱ እንዲያው የሆነውን መናገሩ ነበር። እሷ ግን እንደ ስድብ ወሰደችው። ወሬው ከሳይክሉ ቀድሞ ዳገቱን ወጣ፤ «ሜትር የሞተ ማሽን ሸጦ በገንዘቡ ሳይክል ገዝቶ ያመልጣል» ተባለ።

እህቱ ምሳ ይዛ መጣች፤ አላስቀመጠችውም። «ልጅቷ ማሽኑን ቅዳሜ ለብረት ለቃሚ ልትሰጠው ነው። መካኒክም አላወቀበትም። ይቀጠቀጣል። ያልኩህን ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ።»

«ታዲያ በእግርህ ሂድና አመሉን ንገራት!»

በእግሩ መሄድ አይችልም ወይ ብላችሁ ይሆናል። ይችላል፤ ቅርብ ነው። በእግር መሄድ ግን «መጣሁ» ብሎ መሄድ ነው፤ ወንበር ይቀርባል፣ ሟች ትነሳለች፣ አይዞህ ይባላል። በሳይክል መሄድ ማለፍ ብቻ ነው። ማለፉን ሜትር ችሎበታል፤ የጎደለችው ትንሽ መቆም ብቻ ናት።

ቀዩን በአረንጓዴው ሊለውጥ ፍሬን የለሽ ጋ ሄደ። አረንጓዴው እሱ ቀዩን በገዛ ማግስት ተሽጧል። «ልኩን የሚያውቅ ሰው ወሰደው» አለው፤ አፉ እንደሁ ፍሬን የለውም።

ሲመለስ ከሱቁ ጎን ያለው ጫማ ሰፊ ዘንድ ተቀመጠና ጫማውን አወለቀ። «ሶል ጨምርልኝ።»

ጫማ ሰፊው ገልብጦ አየ። «ምኑ ተበላና?»

«አልተበላም። ሦስት ጣት ጨምር።»

«ሦስት ጣት! አንተ ሜትር፣ ልታገባ ነው እንዴ?»

«ሳይክሉ እንደሆነ አያጥርም። እኔ ልርዘም።»

ጫማ ሰፊው ሳቁን ሲጨርስ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ ለጠፈለት። ሜትር ተጫምቶ ሲቆም ሱቁ ዝቅ ብሎ ታየው። እህቱ ስታየው አፏን ያዘች። «በስተርጅና በለጥከኝ!» ብላ እስክታነባ ሳቀች። ሜትር ቆሞ ጠበቃት። ሳቋ እንደ ዝናብ ነበር፤ እሱ መስኮት ጀርባ ሆኖ ያየዋል።

አርብ ጠዋት ቁልቁለቱን ወረደ። ኩርባው ላይ ሲደርስ ማሽኑ ጠክ ጠክ ጠክ አለና ቀጥ አለ። ሜትር ፍሬኑን ጨበጠ፣ ከኮርቻው ተንሸራተተ። ብረቱ ነካ አደረገው እንጂ አልመታውም። ሁለት እግሩ መሬት ላይ ነው። ለጥቂት ጊዜ እንዲያው ቆመ፤ መቆም ምን እንደሚመስል ረስቶት ነበር። ሳይክሉን ግድግዳ አስደግፎ በወፍራሙ ጫማ ዱብ፣ ዱብ እያለ ገባ።

«ዛሬ ምን ተገኘና ቆሙ!» አለች ልጅቷ። «ይኸው ብረትዎ! ለነገ ለቃሚ ጠርቼበታለሁ!»

ሜትር ወደ ማሽኑ ተጠጋ። መዳፉን ዘርግቶ የማሽኑን ጎን ጧ! አደረገው። ምንም የለም።

«ጭራሽ ሊሰብሩት ነው እንዴ?»

እሷ የምትመታው ከጎን አልነበረም። ድምፁ ይመጣ የነበረው ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፣ ከመንኮራኩሩ ሥር። ይሄን ሁሉ ዘመን ከአጠገቡ ሆኖ፣ አንድ ቀን ዞር ብሎ አላየም። ጎንበስ ብሎ ደገመው፤ ጧ! «ርገጭው» አላት። ረገጠችው። ጠክ ጠክ ጠክ ጠክ።

ልጅቷ አፏ ተከፍቶ ቀረ። «ማነው ያሳየዎት?»

«ባለቤቴ» አለ ሜትር። ቃሉን ካወጣው ስለቆየ ድምፁ ትንሽ ዛገበት።

«ምን ሆኖ ነው ግን ሲመታ የሚሠራው?»

«አላውቅም። አልጠየቅኳትም።»

ልጅቷ ወንበር ልትስብለት ስትል እሱ በሩ ጋ ደርሷል። «ለለቃሚው እንዳትሰጪው» አለ።

«ስመታው የሚሠራ ከሆነ ለምን እሰጠዋለሁ!»

ሳይክሉ ላይ ወጣ። በእነዚያ ጫማዎች ሲወጡበትም ቀላል ሆኗል። መሪውን ሲጨብጥ መዳፉ አቃጠለው፤ ማሽኑን የመታበት ነው። ለቀቅ አድርጎ አየው፣ ቀልቷል። መልሶ ጨበጠው፤ አሁንም ያቃጥላል።

ትንሽ እንደሄደ ከኋላው ጠክ ጠኩ ቆመ። ከዚያ፣ ጧ!

ሜትር ቀና አላለም። ጎብጦ ፔዳሉን ረገጠ።