የሚዘለው ቁጥር

የዚያን ቀን ዝናቡ አባርቶ ከወንዙ በኩል ኃይለኛ ነፋስ ይነፍስ ነበር። ሽሪምፕ የተባለውን የውሃ እንስሳ የምናረባበትን ኩሬ ጨው የሚለካው ሴንሰር፣ በእንጨቶች ላይ በተወጠረ ረጅም ሽቦ፣ ጎጆው ውስጥ ካለች መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ጋር ተያይዟል። ከጠዋት ጀምሮ ቁጥሩ ይዘላል፤ ጨው አልቋል ይላል። የኩሬው ባለቤት ሞክሌስ ከወንዙ ጨዋማ ውሃ ሊለቅ ተነሳ። ጨው ያላነሰው ኩሬ ላይ ከጨመረ ግን የሽሪምፕ ግልገሎቹ ያልቃሉ፤ የእኛም እንጀራ አብሮ ይቀራል።

ውሃውን ሳይለቅ፣ ያስጠራነው የዕቃ ጠጋኝ መጣ። የሸሚዙ ቁልፎች በተለያየ ቀለም ክር ተሰፍተዋል፤ የብየዳ ሽቦውን በባዶ የትምባሆ ቆርቆሮ ይዟል። ቁጥሩን እያየ ነፋሱን አዳመጠ።

«ኮምፒውተሯን ቀይራታ!» አለ ሞክሌስ።

«እሷ ምን አጠፋች? የነገሯትን ነው የምታወራው። ቁጥሩ የሚዘለው ነፋሱ ሲመጣ ነው» አለና የሴንሰሩን ሽቦ ተከትሎ ወጣ።

ሽቦው ላይ የእኛ የሴት ሠራተኞቹ እርጥብ ሳሪዎች፣ ረጃጅም መጠቅለያ ልብሶቻችን፣ ሊደርቁ ተሰጥተው ይወዛወዛሉ። እኛ ዝናብ ሲያባራ የተወጠረ ሽቦ አይተን አናልፍም።

«እህቶቼ፣ ኩሬውን ያሳበደው ያጠባችሁት ልብስ ነው!»

«ታዲያ ራቁታችንን እንሂድልህ?» አለችው የሥራ ጓደኛዬ ሺውሊ።

እየሳቅን ልብሱን አነሳን። እሱም በልብሱ ክብደት የላላውን የሽቦ መጋጠሚያ በየደው። ቁጥሩ ቀጥ አለ፤ ጨዉ ደህና ነበር። ሞክሌስ በደስታ ጮኸ፤ ምንም የማይደንቀኝ እኔ እንኳ አጨበጨብኩ።

ሩዝ ስንሰጠው ግማሹን በልቶ ግማሹን በሙዝ ቅጠል ጠቀለለ። «ለማን ነው?» ብንለው ሳቀና ቆርቆሮውን አንስቶ ሄደ።

ጠጋኙ አሁን ሞንግላ ወደብ ላይ የጀልባ ሬዲዮ እንደሚጠግን ሰምተናል።