ሚስቴ እንድትተኛ ልጆቹን ይዤ የወጣሁ ዕለት

«በል ይዘሃቸው ውጣ... ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዳትመለስ!» አሉኝ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ፣ በራችን ላይ ቆመው። «እሷን እኔ አያታለሁ።»

ጊዜው የጃንሆይ ነው፤ አገሩ ጅማ። እኔ ያኔ እዚያው ጅማ መርካቶ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግቼ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ባለቤቴ አማረች ሳምንት ሙሉ በወባ ስትንቀጠቀጥ ከርማ ትኩሳቱ ገና መብረዱ ነው። የክሊኒኩ ድሬሰር መድኃኒቱን ሰጥቶ «አሁን የሚያስፈልጋት እንቅልፍ ነው፤ ካላረፈች አትድንም» ብሎኛል።

ግን በምን ተአምር ትተኛ? ያለችን አንዲት ክፍል ናት። እዚያች ክፍል ውስጥ ሦስት ልጆች... ጥሩወርቅ ሰባት ዓመቷ፣ ታደሰ አምስት፣ አስኒ ገና ሁለት። አንዱ ሲያስነጥስ እንኳ እናታቸው ብድግ ትላለች።

ደግነቱ የቡና ለቀማው አልቆ ከከተማው ዳር ሜዳው ላይ ባዛር ተተክሏል። ቶምቦላ አለ፣ ቀለበት ውርወራ አለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሰው ጉልበት እየተገፋ የሚሽከረከር የእንጨት ፈረስ አለ። ቀኑን እዚያ እንውላለን ብዬ ቆረጥኩ። አስኒን በእናቷ አንቀልባ አዘልኳት፣ ሁለቱን በግራና በቀኝ ያዝኩና ወጣሁ።

በዚያን ዘመን ልጅ ያዘለ ወንድ ማየት ማለት... በቃ ተዉት። መንገዱ ሁሉ እየሳቀ ሸኘኝ።

ሞኝነቴ፣ እንደደረስን በቀጥታ ወደ ፈረሱ ወሰድኳቸው። ዞሩ፣ ደግመው ዞሩ፣ ከዚያ ወደ ቀለበቱ ሮጡ፣ ከዚያ ወደ ሙዚቃው። ገና ረፋዱ ሳያልፍ ታደሰ አፈር ላይ ተዘርግቶ «ወደ ቤት! እማዬ ጋ!» እያለ ያለቅሳል። እሱን ሰምታ አስኒ ጀርባዬ ላይ ተቀበለችው።

ይሄኔ ደግሞ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? የሥራ ባልደረባዬ ተስፋዬ፣ ከነጓደኞቹ።

«ሚስትህ የት ሄዳ ነው አንተ?»

«ቤት ናት። ተኝታለች።»

«እሷ ተኝታ አንተ ታዝላለህ?!»

«አዎ። እሷ ተኝታ እኔ አዝላለሁ።»

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፊቴ እሳት መሰለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ግን አሁን ቤት ከገባን አማረች ትነቃለች፤ ከነቃች ምድጃ ልታያይዝ ትነሳለች... አልመለስም አልኩ።

ዛፍ ጥላ ስር ሸንኮራ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ አዴ ፋጡማ ይሏቸዋል። ጩኸታችንን ሰምተው በእጃቸው ጠሩኝ። «ኮቱ፣ ታኢ! ና ቁጭ በል እንጂ፤ ልጆቹን ጨረስካቸው እኮ!»

ካነጠፉት ሰሌን ላይ ተቀመጥኩ። ሸንኮራ ላጥ ላጥ አርገው ለልጆቹ ሰጡና አንቀልባውን እያዩ «ጡትም ታጠባለህ እንዴ?» አሉኝ። እንዴት እንደመጣሁ ስነግራቸው ግን ሳቁን ተዉት።

«ለሚስትህ ብለህ? ወላሂ?»

«አዎ፣ አዴ። እስኪመሽ ቤት አልገባም።»

«እንግዲያው ሰሌኑ የናንተ ነው» አሉና እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን አዲስ አደረግሁት። አንድ ነገር እናያለን፣ ተመልሰን ሰሌኑ ላይ እንጋደማለን። ደግሞ አንድ እናያለን፣ ደግሞ እንጋደማለን። ታደሰ «አልደከመኝም!» ብሎ ሲንፈራገጥ፣ «አውቃለሁ፤ ሳይደክምህ እኮ ነው የምናርፈው» እለዋለሁ። መጀመሪያ አኮረፈ። በኋላ ግን ራሱ «አባባ፣ ሰሌናችን ጋ እንሂድ» ማለት ጀመረ።

ሁሉ ሰላም ሲሆን... የቡ ከምትባለው ከተማ በኩል ጥቁር ደመና መጣ። ያለ ወሩ የመጣ ዝናብ! ሜዳው ባንዴ ተበተነ። ተስፋዬና ጓደኞቹ ኮታቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ወደ ቤታቸው ሮጡ። አዴ ፋጡማም ሸንኮራቸውን ሰብስበው «አላህ ይማርልህ!» ብለውኝ ሄዱ። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ... እኛ ብቻ ቤት እያለን ቤት የለንም።

ሦስቱንም ይዤ ወደ እንጨት ፈረሱ ሮጥኩ። ባለቤቱ ሸራ ሊያለብሰው እየታገለ ነው።

«ዘግተናል!»

«እንዲዞርልን አይደለም ወንድሜ። እናታቸው ታማ ተኝታለች፤ እስኪያባራ ከሸራው ስር ብቻ አስገባን።»

ሰውዬው ከፀጉራችን የሚንጠባጠበውን ውሃ አየና የሸራውን ጫፍ ከፍ አደረገልን።

ከጣውላው ወለል ላይ ጋቢዬን አነጠፍኩ። ዝናቡ ሸራውን ሲደበድብ ልጆቼ ከፈረሶቹ እግር መሀል አንድ ላይ ተጠቅልለው ለጥ አሉ። እኔ የሸራው ጫፍ በንፋስ እንዳይገለጥ በእጄ ይዤ ቁጭ አልኩ። ክንዴ ዛለ... አልለቀቅኩም።

ሲያባራ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ጭቃውን እየረገጥን፣ አስኒ ጀርባዬ ላይ፣ ታደሰ ትከሻዬ ላይ ሆነው ቤት ደረስን። በሩን ቀስ ብዬ ገፋ አደረግሁት።

አማረች ጠዋት በተኛችበት ጎኗ ናት። አንድ ዓይኗን ብቻ ገልጣ አየችኝ።

«እንዴ... እስካሁን አልወጣችሁም?»

ምን ልበላት? «አሁን ልንወጣ ነው» አልኩና በሩን መልሼ ዘጋሁት። ልጆቹን ወደ እትዬ ብርቄ ቤት አዞርኳቸው። ጥሩወርቅ እንባዋ መጣ፤ «አባባ... ደግሞ ልንሄድ ነው?»

እዚያው እትዬ ብርቄ ዘንድ ተደርድረን አደርን። በማግስቱ ጠዋት አማረች ራሷ መጥታ በሩን ቆረቆረች። ግድግዳውን ይዛ፣ ከስታ፣ ፀጉሯ ተንጨባሮ... ሳምንት ሙሉ እህል ያልቀመሰችው ሴት «ራበኝ» አለች።

ስንት ጣፋጭ ቃል ሰምቻለሁ በዕድሜዬ... እንደዚያች «ራበኝ» ግን የለም።