አበልጄና የቮልሴ ፍሬን

ነገሩ ከሆነ ሁለት ፋሲካ አልፏል። ሰው ሁሉ "እርሳው፣ እግዜር አውጥቶሃል" ይለኛል። መትረፉንማ ተርፈናል፤ ተመስገን። እኔ መርሳት ያቃተኝ ማን እንዳደረገው ነው።

ነቀምቴ ውስጥ እኔን የማያውቅ ሰው ቮልሴን ያውቃታል። ከአባቴ የወረስኳት ሰማያዊ ቮልስ ናት። ዝቅ አስደርጌ፣ ለፊት እግሯ ዲስክ ፍሬን አስገጥሜላታለሁ። ፍሬኑን አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ስንት ወር አፈላልጎ ነው የላከልኝ። ሚስቴ ጫልቱ "ለመሆኑ ያገባኸው እኔን ነው እሷን?" እያለች ትቀልድብኛለች። እውነቷን ነው፤ ትንሽ አበዛዋለሁ።

ችግሯ አንድ ነበር። ዝቅ ካለች ወዲህ መሪ ስጠመዝዝ ጎማው ከላዩ ካለው የጭቃ መከላከያ፣ ከፓራፋንጎው ጋር ይፋጫል። ድምፁ ያንገሸግሸኝ ነበር። በመጨረሻ ትልልቆቹን ቸርኬዎች አውልቄ በትንንሽ ልቀይር ቆረጥኩ። ባለ አስራ ሦስት ኢንች ቸርኬ ከነጎማው አገኘሁና ቡርቃ ጃቶ ወደሚገኘው የታምሩ ጋራዥ ይዤ ሄድኩ።

ታምሩ መካኒክ ብቻ አይደለም፤ አበልጄ ነው። ልጄ ናሆም በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሳ ያቀፈው እሱ ነው። እሱም እንደኔ ቮልስ አለው፣ ቢጫ። ቸርኬውን አገላብጦ አየና፣ "አበልጄ፣ ይሄ እኮ ትንሽ ነው። ዲስኩን አላስቀምጥ ሊል ይችላል" አለኝ።

"እንደምንም አስገባልኝ፤ አንተ ምን ያቅትሃል!"

"እሺ፣ ቁልፉን ተውልኝና ሂድ። ነገ ና።"

ትቼለት ሄድኩ። ሌላ መካኒክ ቢሆን አጠገቡ ቆሜ እያንዳንዷን ቡሎን ስትፈታና ስትታሰር አያለሁ። አበልጅ ሲሠራልህ ቆመህ መጠበቅ ግን እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ አላምንህም ማለት ነው። ይሉኝታ ያዘኝ።

በማግስቱ ቮልሴ አምሮባት ጠበቀችኝ። ቸርኬዎቹ በሚያብረቀርቅ ክዳን ተሸፍነዋል። መሪውን ጥግ ድረስ አዞርኩት፤ ኮሽ አይልም።

"ዲስኩስ?" አልኩት።

"ገባልህ። ፍሬኑ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይከብድሃል፤ እስኪላመድ ነው።"

አቅፌ ሳምኩት። ምን ብዬ ልጠርጥር?

እሑድ ከቤተክርስቲያን መልስ አማቴን ልንጠይቅ ወደ ዲጋ ወረድን። ጫልቱ ከጎኔ፣ ናሆም ከኋላ። ቁልቁለቱ መሀል ላይ ፍሬን ስይዝ መኪናዋ ወደ ግራ ጎተተችኝ። ደግሜ ስረግጥ ፔዳሉ ወለል ነካ። ባዶ! ማርሽ አወረድኩ፣ ሞተሩ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን ጎተትኩ። ከፊታችን አህያ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ አሉ። ጫልቱ "እመቤቴ! እመቤቴ!" ትላለች፤ ናሆም ጨዋታ መስሎት ከት ብሎ ይስቃል። ያ ሳቁ እስከዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ሌላ ምርጫ አልነበረኝም፤ መንገድ ዳር የተቆለለ ጠጠር ውስጥ ከተትኳት።

ማንም አልተጎዳም። እኔ ግን መሪውን እንደጨበጥኩ ቀረሁ። ሽማግሌው አህያቸውን ጥለው ሮጠው መጡና ናሆምን አወጡልኝ። "ሂን ሶዳቲን፣ አትፍራ የኔ ልጅ፣ ሂን ሶዳቲን" እያሉ ትከሻዬን ያሹኛል። አንድ የጭነት መኪና ሹፌርም አይቶን ቆመ። ክሪክ አውጥቶ የፊት ጎማዬን ፈታና አጎንብሶ አየ።

"የፍሬኑ ሸራ አልቋል፤ ዘይቱም ይፈሳል። ኧረ ወንድሜ፣ እንዲህ ባለ ታምቡር ልጅ ጭነህ ቁልቁለት ትወርዳለህ?"

"የምን ታምቡር? የኔ ዲስክ ነው!" ብዬ ጮህኩበት።

"ና እየዋ።"

አየሁ። ዲስክ የሚባል የለም። በቦታው ያ ከበሮ የሚመስለው የድሮ ፍሬን፣ ታምቡሩ፣ ገብቷል። ጠርዙ ላይ ቢጫ ቀለም ተረጭቶበታል። ቀለሙን አውቀዋለሁ። የታምሩን ቮልስ ቀለም ስንቀባ ሳላስበው የረጨሁበት እኔው ነኝ።

ሚስቴንና ልጄን ባጃጅ አሳፍሬ ወደ ዲጋ ሰደድኩና ቮልሴን እዚያው ትቼ በጭነት መኪናው ወደ ነቀምቴ ተመለስኩ። የታምሩ ቤትና ጋራዡ አንድ ግቢ ነው። ቢጫዋ በር ላይ ቆማለች። ተንበርክኬ በቸርኬዋ ቀዳዳ አሾለቅኩ። ወንድሜ የላከው ዲስክ እዚያ ቁጭ ብሏል። የራሱን ያለቀ ፍሬን ለእኔ፣ የእኔን ለራሱ!

ታምሩ ከቤት ወጣ። ተንበርክኬ ሲያየኝ ፊቱ አመድ መሰለ።

"አልገባ አለኝ፣ አበልጄ" አለ። "አንተ ደግሞ ያለዚያ ቸርኬ ወይ ፍንክች አልክ። ዲስኩ እንዲሁ ከሚቀመጥ ብዬ ነው።"

"ታዲያ አትነግረኝም?"

"ብነግርህ እምቢ ትለኝ ነበራ።"

"ፍሬኑ ቁልቁለት ላይ ባዶ ሲሆን የክርስትና ልጅህ ውስጧ ነበር" አልኩት።

ያኔ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ልመታው እጄን አንስቼ ነበር። ለምን እንዳወረድኩት አላውቅም።

ዲስኩን በአስታራቂ ሽማግሌዎች ፊት መለሰልኝ። ሌላ መካኒክ ከትልልቆቹ ቸርኬዎች ጋር ገጠመልኝ፤ ጎማው አሁንም ይፋጫል፣ ይፋጭ። እኔም ጥፋት የለብኝም አልልም፤ "እንደምንም አስገባ" ያልኩት ራሴ ነኝ። ግን አልገባም ቢለኝ ምን ነበረበት? ባዳ ቢያደርገው እናደድና ይወጣልኝ ነበር። ይሄኛው ግን ውስጤን ነው የበላኝ።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" ብያለሁ። አበልጅነትም እንደ ቡሎን አይፈታም። ባለፈው ሰንበት ቅዳሴ እንዳለቀ ናሆም ሮጦ የታምሩ አንገት ላይ ተጠመጠመ። ታምሩ ዓይኔን ሳያይ፣ "ዝናብ እየመጣ ነው፤ በመኪና ላድርሳችሁ" አለ።

"በእግራችን እንሄዳለን" አልኩ። የልጄን እጅ ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ ዝናቡ ያዘን።

"አባዬ፣ ጋሼ ታምሩን ጠላኸው እንዴ?" አለኝ ናሆም።

"አልጠላሁትም" አልኩት። ብጠላውማ ይቀለኝ ነበር።