ለአባዬ ያልተላከችው ቢራቢሮ

ይህ የደረሰብኝ አምና ሐምሌ ውስጥ፣ አንድ እሑድ ነው። ትንሽ ቢራቢሮ ባየሁ ቁጥር ስለሚመጣብኝ ልጽፈው ወሰንኩ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሬንተን የምትባል ከተማ ነው። እዚያው አቅራቢያ ዴ ሞይን የምትኖረውን ጓደኛዬን ሰብለን ከእህቴ ለይቼ አላያትም። የዚያን ቀን በማለዳ ወንድሟ ከአዲስ አበባ ደውሎ አባታቸው በድንገት ማረፋቸውን ነገረኝ። ለእሷ ግን አልነገራትም። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ያውም ብቻዋን ለምትኖር ሴት። ጋሽ ተሾመ ለሚባሉ ሽማግሌያችን ስደውል፣ ሰው አሰባስበው ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሊያረዷት ወሰኑ። እስከዚያ ከስልክ እንድትርቅ ማድረግ የእኔ ድርሻ ሆነ።

ኔትወርክ የሌለበት ቦታ የማውቀው ከከተማ ወጣ ብሎ ያለውን ተራራ ብቻ ነው። ዛሬ ከሥራ ኦፍ ስለሆንሽ እንውጣ አልኳት። ደስ ብሏት መጣች።

ላይ ስንደርስ መስኩ በአበባ ተሸፍኗል። አረፍ እንዳልን ጥፍር የምታክል ሰማያዊ ቢራቢሮ መጥታ ላብ ባረጠበው የሰብለ እጅ ላይ ቁጭ አለች። በአጠገባችን የምታልፍ ፈረንጅ፣ እነዚህ የምዕራብ ተራሮች ቢራቢሮዎች ጨው ፍለጋ ላብ እንደሚልሱ ነገረችን። ሰብለ ትንፋሿን ይዛ በሌላው እጇ ስልኳን አቀበለችኝ።

"ፎቶ አንሺኝ። አባዬ አሜሪካ ሁሉም ነገር ትልቅ ነው ይለኛል፤ ይቺን ይያት። ኔትወርክ ስናገኝ ሴንድ አደርግለታለሁ።"

ደጋግሜ አነሳኋት።

ወርደን መኪና ውስጥ ስንገባ ስልኳን አወጣች። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ።

"አሁን እኮ እዚያ ሌሊት ነው፤ ትቀሰቅሻቸዋለሽ።"

"እውነትሽን ነው" ብላ መልሳ ከተተችው። እኔ መሪውን ይዤ እንባዬን ዋጥኩ።

ደክሟት በጊዜ ተኛች፤ እኔም እሷ ጋ አደርኩ። ሲነጋጋ ለእነ ጋሽ ተሾመ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ነጠላ ማዘቅዘቃቸውን ስታይ ማንም ሳይናገር ገባት።

ከዚያ ወዲያ ስደውል አታነሳም ነበር። አርባቸው ካለፈ በኋላ ራሷ ቤቴ መጣች።

"ተቀይሜሽ ነበር" አለችኝ። "ግን አባዬ ለእኔ አንድ ቀን ጨምሮ ኖሯል።"

ይህን መስማቴ እፎይ አሰኝቶኛል። እንዲህ ባለ ቀን ሐዘንተኛ እንደገና ያዢልን ቢሉኝ ግን፣ እየሳቅኩ የምውልበት አቅም ያለኝ አይመስለኝም።